የመቆየት ዋጋ በማን ጫንቃ ላይ ነው? ‹ኡታማ› እና የአንዲስ ላማ አርቢዎች

‹ኡታማ› የተሰኘው የቦሊቪያ ፊልም እ.ኤ.አ. በ2022 መጀመሪያ በሰንዳንስ የፊልም ፌስቲቫል በዓለም አቀፍ ድራማ ዘርፍ የዳኞችን ታላቅ ሽልማት ካሸነፈ ወዲህ ስሙ የሚነሣው በአብዛኛው በሁለት አርእስት ሥር ነው፤ አንዱ የአየር ንብረት ለውጥ፣ ሌላው የትውልድ ግጭት። በሁለቱም ሥር ቢመደብ ያስኬዳል። ይሁን እንጂ ፊልሙ በ87 ደቂቃው ውስጥ በትዕግሥት የሚመዝነው ጉዳይ ከሁለቱም ጠበብ ያለና ይበልጥ የሚቆረቁር ነው፤ ይኸውም ድርቅ በመታው ምድር ላይ ከቀዬ ሳይነቀሉ መቆየት ምን ያህል ጉልበት እንደሚፈጅና ያን ጉልበት የሚያወጣው ማን እንደሆነ ነው። የፊልሙን ዝግታም ከዚህ ጥያቄ ለይቶ መረዳት የሚቻል አይመስለኝም። ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

ታሪኩ ብዙ ውጣ ውረድ የለውም። ቪርሂንዮና ሲሳ የሚባሉ የኬችዋ ተወላጅ የሆኑ አዛውንት ባልና ሚስት በደቡብ ምዕራብ ቦሊቪያ ደረቅ ሜዳ ላይ ለብቻዋ በቆመች ቤት ይኖራሉ። ጎሕ ሲቀድ እሳቸው ላማዎቹን ነድተው ወደ ግጦሽ ይወጣሉ፤ ባለቤታቸው ባልዲዎቻቸውን ይዘው ውኃ ሊቀዱ ይሄዳሉ። ዝናብ ከቀረ ቆይቷል። ክሌቨር የተባለው የልጅ ልጃቸው ከከተማ ሳይጠራ ይመጣና አብረውት ወደ ከተማ እንዲገቡ ይወተውታቸዋል። አዛውንቱ ከራሳቸው ልጅ፣ ማለትም ከክሌቨር አባት ጋር ከተቀያየሙ ስለቆዩ የልጁ አመጣጥ አይጥማቸውም። በዚህ ላይ ትንፋሽ የሚያሳጥር ሕመም ይዟቸዋል፤ ይህንንም ከሚስታቸው ደብቀዋል። መጨረሻውን ፊልሙን ላላየ ሰው መንገር አይገባም፤ ለተነሣንበት ጉዳይም አያስፈልግም።

ዳይሬክተሩ አሌሃንድሮ ሎአይሳ ግሪሲ ወደ ሲኒማ የመጣው ከፎቶግራፍ ሙያ ሲሆን ይህ የመጀመሪያው ረጅም ፊልሙ ነው። የምስል ቀረጻውን የመራችው ኡራጓያዊቷ ባርባራ አልቫሬስ ናት። ቀረጻው የተካሄደው በፖቶሲ ክፍለ ሀገር፣ ከኡዩኒ የጨው ሜዳ ብዙም በማይርቀው በሳንቲያጎ ደ ቹቪካ አካባቢ ነው። ቪርሂንዮንና ሲሳን ሆነው የተጫወቱት ሆሴ ካልሲናና ሉዊሳ ኪስፔ በገሃዱ ዓለምም ባልና ሚስት ናቸው፤ የትወና ሙያም አልነበራቸውም። ይህ ምርጫ ለፊልሙ ያስገኘው ጥቅም ቀላል አይደለም። ለብዙ ዓመታት አብረው የኖሩ ሰዎች አንዱ ሌላውን ሳያይ ምን እያደረገ እንደሆነ የሚያውቅበት አኳኋን አለ፤ አንዱ ሲነሣ ሌላው የሚጠጋበት፣ የተኮረፈበት ነገር ሳይነገር ሾርባው ከፊት የሚቀመጥበት። ሙያተኛ ተዋናይ ይህን በልምምድ ሊያመጣው ቢሞክር መሞከሩ ይታወቅበታል።

ስለ ዝግተኛ ፊልም ሲጻፍ ዝግታውን እንደ ጌጥ ወይም እንደ ተመልካች ፈተና መቁጠር የተለመደ ነው። እዚህ ግን ዝግታው ሥራ ይሠራል። ሲሳ ውኃ ፍለጋ ሲሄዱ ካሜራው ጉዞውን በአንድ ቁራጭ አያሳልፈውም፤ ትንሿ ሰውነታቸው ሰፊውን ሜዳ ስታቋርጥ ቆም ብሎ ያያል። በመጀመሪያው ጉዞ የተሰላቸ ተመልካች፣ የመንደሩ ውኃ ጠፍቶ መንገዱ ወደ ወንዙ ሲረዝም፣ ያ ተጨማሪ እርምጃ በእኚህ ሴት ጉልበት ላይ ምን ማለት እንደሆነ ማንም ሳያስረዳው ያውቀዋል። ርቀቱ በቁጥር አልተነገረንም፤ በራሳችን ትዕግሥት ግን ለክተነዋል። የቪርሂንዮ የታፈነ ትንፋሽም እንዲሁ ነው፤ ከነፋሱ ድምፅ በላይ እየተሰማ፣ ዳገቱ በየዕለቱ እየከበደ መሄዱን ከማንኛውም ንግግር በተሻለ ይናገራል።

ፊልሙ በብዛት ከሚነበብበት መንገድ የምለየውም እዚህ ላይ ነው። ቪርሂንዮን ለመሬታቸው ታማኝ የሆኑ፣ ከዘመን ጋር የተፋጠጡ የመጨረሻው ሰው አድርጎ ማየት ቀላል ነው፤ የፊልሙ ሰፋፊ ምስሎችም ወደዚያ ይገፋሉ። ነገር ግን «አልሄድም» የሚሉት እሳቸው ሲሆኑ ባልዲውን የሚሸከሙት ሲሳ ናቸው። በዚያ አገር የሥራ ክፍፍል መሠረት ከብቱ የባል፣ ውኃው የሚስት ነው፤ ድርቁ ደግሞ የሁለቱን ሥራ እኩል አያከብደውም። በእርግጥ አዛውንቱም በታመመ ሳንባ ከላማዎቹ ኋላ ይጓዛሉ። ልዩነቱ እሳቸው ድካማቸውን የመረጡት መሆናቸው ነው። የሲሳ መቆየት የሚመነጨው ከባላቸው ውሳኔ፣ ከፍቅርና ከልማድ ነው፤ የትኛው ምን ያህል ድርሻ እንዳለው ሉዊሳ ኪስፔ ፊታቸውን ብቻ እየለዋወጡ ያሳያሉ እንጂ አንድም ቦታ አይናገሩትም። ልጁ ክሌቨርም አባት ሊሆን መቃረቡን የሚያዋየው ለሲሳ ነው። በቤቱ ውስጥ ወሬ የሚቀመጠው እሳቸው ዘንድ ነው፤ ውሳኔው ግን ሌላ ቦታ ነው።

ለአማርኛ አንባቢ የላማ እርባታ ከምናውቀው የከብት እርባታ የሚለይበት ነገር ቢብራራ የፊልሙ ጭንቀት ይበልጥ ይገባል። ላማ የግመል ዘመድ ናት፤ በአንዲስ ተራሮች ከተላመደች በርካታ ሺህ ዓመታት አልፈዋል። ሆኖም አትታለብም። የቦረና ወይም የአፋር አርብቶ አደር ቢቸግረው ቢያንስ ወተት ይኖረኛል ብሎ የሚያስበውን ያህል የላማ አርቢ ከመንጋው በየዕለቱ የሚያገኘው ምግብ የለም። ከላማ የሚገኘው ሥጋ፣ ጠጉር፣ ለማገዶና ለማዳበሪያ የሚሆን ፍግ፣ በፊት ደግሞ ዋነኛው ነገር የጭነት ጉልበት ነበር። ሥጋውን በጨው፣ በፀሐይና በውርጭ አድርቀው ጫርኪ የሚባለውን ቋንጣ ያዘጋጃሉ፤ ኬችዋ እንደ አማርኛ ጠን፣ ጨንና ጰን የመሰሉ ፈንጂ ድምፆች ስላሉት ስሙ በፊደላችን ያለ ችግር ይጻፋል። መንጋ ማለት በቁም ያለ ሀብት ነው፤ የሚታረደውና የሚሸጠው አልፎ አልፎ ነው። ስለዚህ ላማዎች በውኃ ጥም አንድ በአንድ ሲወድቁ የሚጠፋው የዛሬ ምግብ ሳይሆን የክፉ ቀን መጠባበቂያው ሁሉ ነው። በጆሯቸው ላይ የሚታሰረው ባለ ቀለም ክር፣ በየዓመቱ በዝናቡ ወራት በበዓል የሚደረግላቸው፣ የባለቤትነት ምልክትም የምርቃትም ነገር ነው፤ በፊልሙ ውስጥ ያ ደማቅ ክር በአመድማው ሜዳ ላይ ከሩቅ ይታያል።

ቪርሂንዮ የሚከላከሉለት «ወግ» ራሱ ምን እንደነበረ መጠየቅ ተገቢ ነው። ፊልሙ ወግን ከአንድ ቦታ ጋር ያስተሳስረዋል፤ ቤቱ፣ ተራራው፣ መቃብሩ። የአንዲስ ደጋማ ሜዳ የሆነው የደቡባዊው አልቲፕላኖ ታሪክ ግን ከመቀመጥ ይልቅ የመንቀሳቀስ ታሪክ ነው። ምድሩ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,600 ሜትር የሚበልጥ፣ ዝናቡ በታኅሣሥና በመጋቢት መካከል ተወስኖ በብዙ ቦታ በዓመት 300 ሚሊ ሜትር የማይሞላ፣ ከዓመቱ ሌሊቶች ከግማሽ የሚበልጡት ውርጭ የሚወርድባቸው አገር ነው። እንዲህ ያለ ቦታ ብቻውን ሰውን አይመግብም። አንትሮፖሎጂስቱ ጆን ሙራ በ1972 ባሳተሙት ዝነኛ ጥናት እንዳብራሩት፣ የአንዲስ ማኅበረሰቦች የኖሩት በተለያየ ከፍታ ላይ የሚገኙ መሬቶችን በአንድነት በመያዝ ነበር፤ ከላይ ላማና ድንች፣ ከታች በቆሎና ኮካ። የጨው ሜዳው አካባቢ ሰዎች ደግሞ ጨዉን እየቆረጡ በላማ ቅፍለት ጭነው ወደ ቆላው ሸለቆዎች ይወርዱ፣ በበቆሎም ይለውጡት ነበር። አንዲት ላማ ከ25 እስከ 30 ኪሎ ግራም ያህል ትሸከማለች፤ በቀን የምትጓዘውም ከ15 እስከ 20 ኪሎ ሜትር ነው። ጉዞው ሳምንታት አንዳንዴም ወራት ይፈጅ ነበር። ከሃያኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በኋላ መንገድና የጭነት መኪና ሲስፋፋ ቅፍለቱ እየተመናመነ ጠፋ።

ከዚህ አንጻር ሲታይ በአንድ ቤት፣ በአንድ ሜዳ ላይ ተወስኖ መንጋ መጠበቅ ራሱ ከለውጥ በኋላ የመጣ ኑሮ ነው። ቪርሂንዮ የመጨረሻው የወግ ጠባቂ ሆነው ቢቀርቡም፣ በእሳቸው ዕድሜ ያለ ሰው ልጅነት ጎረቤት ሸለቆ ድረስ በእግር የሚወረድበት ዘመን ነበር። ሸለቆውና ደጋው የሚደጋገፉበት ሥርዓት ከፈረሰ በኋላ ደጋው ዝናብ ሲያጣ የሚዞርበት የለውም። ይህን የምለው የአዛውንቱን እምቢታ ለማቃለል አይደለም። ለዘመናት ከክፉ ቀን መውጫው ጉዞ የነበረ ሕዝብ፣ ዛሬ ጉዞ ማለት ለዘለዓለም ከቀዬ መነቀል ማለት ሲሆንበት፣ «ልሂድ ወይስ ልቆይ» የሚለው ጥያቄ ከድሮው የከበደ መሆኑን ለማመልከት ነው።

የድርቁ ነገር ራሱን የቻለ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በፊልሙ ውስጥ ድርቅ ከሰማይ የወረደ ነው፤ ደመና አይመጣም፣ ዝናብ አይዘንብም፣ ማንም ሊጠየቅበት አይችልም። አገሩ እየሞቀ፣ ዝናቡም እየተዛባ መሄዱ እውነት ነው። የቦሊቪያ ሁለተኛ ትልቅ ሐይቅ የነበረው ፖኦፖ በ2015 መጨረሻ በሞላ ጎደል ደርቆ፣ በዓሣ ማጥመድ የሚተዳደሩ የኡሩ ማኅበረሰቦች ጀልባቸው በደረቅ ጭቃ ላይ ቀርቷል። በ2023 ደግሞ ትልቁ ሐይቅ ቲቲካካ ከተመዘገቡት ዝቅተኛ መጠኖች ወደ አንዱ ወርዷል። ነገር ግን የፖኦፖ መድረቅ በሙቀትና በኤል ኒኞ ብቻ የሚመካኝ አልነበረም፤ ወደ ሐይቁ የሚገባው ውኃ ለመስኖ መጠለፉና የማዕድን ማውጫዎች ያወረዱት ደለልም ድርሻ ነበራቸው። ፊልሙ በተቀረጸበት አካባቢም ሰማዩን ብቻ አንጋጦ ማየት ግማሹን ታሪክ ማጣት ነው። በ2007 ማምረት የጀመረው የሳን ክሪስቶባል የብር፣ የዚንክና የእርሳስ ማዕድን ማውጫ በቀን በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሜትር ኩብ የከርሰ ምድር ውኃ የሚስብ ነው። በኡዩኒ የጨው ሜዳ ሥር ያለው ሊቲየም በዓለም ላይ ካሉት ክምችቶች ከትልልቆቹ አንዱ ሲሆን፣ ለማውጣት የሚያስፈልገው ውኃ የአካባቢው ሰው ዘወትር የሚከራከርበት ጉዳይ ነው።

ከሁሉ የሚገርመው ግን ኪኑዋ የሚባለው የአንዲስ እህል ታሪክ ነው፤ ምክንያቱም እዚህ ላይ ላማን ከሜዳው ያስወጣው ድህነት ሳይሆን ድንገተኛ ገንዘብ ነበር። ኪኑዋ በዚህ አካባቢ ለብዙ ዘመናት በኮረብታ ተዳፋት ላይ፣ ውርጭ በሚቀንስበት ቦታ፣ በእጅ ይዘራ ነበር፤ ሜዳው የላማ ነበር። ከ1970ዎቹ ጀምሮ ትራክተር ሲገባ ተዳፋቱን ማረስ ስለማይችል እርሻው ወደ ሜዳው ወረደ። ከዚያ በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ የኪኑዋ ፍላጎት ናረ፤ የተባበሩት መንግሥታት 2013ን ዓለም አቀፍ የኪኑዋ ዓመት ብሎ ሰየመ፤ ዋጋው በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከእጥፍ በላይ ጨመረ። ቶላ የሚባለው ቁጥቋጦ፣ ለላማ መጠለያም መኖም ለሰው ማገዶም የሆነው፣ እየተነቀለ አሸዋማው አፈር ለነፋስ ተጋለጠ። ግጦሹ ሲጠብ መንጋው ተቀነሰ፤ መንጋው ሲቀንስ ለኪኑዋው የሚሆን ፍግ ጠፋ። ከ2015 በኋላ ዋጋው ሲወድቅ የተጋጠው ሜዳ እንዳለ ቀረ። ይህ ሁሉ በቪርሂንዮና በሲሳ ደጃፍ ዙሪያ የሆነ ነገር ነው። ፊልሙ ትኩረቱን በሁለት ሰዎች ላይ ማድረጉ መብቱ ነው፤ አንድ ልብ ወለድ የግብርና ጥናት እንዲሆን አይጠበቅበትም። ሆኖም ማንም ያላጠፋበት ድርቅ ለፌስቲቫል ተመልካች የሚመች ድርቅ ነው። ተመልካቹ በቁርስ ሳህኑ ላይ ያለው ጥሬ ከዚያ ሜዳ የመጣ ሊሆን እንደሚችል ሳያስብ አዝኖ ይወጣል።

ክሌቨር የሚያቀርበው አማራጭስ? ከአልቲፕላኖ ገጠር የሚነሣ ሰው በብዛት የሚያርፍበት ኤል አልቶ ከላ ፓስ በላይ በ4,000 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ የተንጣለለ፣ በ2012 ቆጠራ ከ840 ሺህ በላይ ሕዝብ የነበረው ከተማ ነው። ይህ ከተማ የተሞላው በተከታታይ የችግር ማዕበሎች ነው፤ የ1982 እና 83ቱ ከባድ ድርቅ ገበሬውን፣ የ1985ቱ የኢኮኖሚ አዋጅና የመንግሥት ማዕድን ማውጫዎች መዘጋት ደግሞ ማዕድን ሠራተኛውን አመጣለት። ስለዚህ ልጁ ለአያቶቹ የሚያቀርበው ጥሪ አዲስ አይደለም፤ ከአርባ ዓመት በላይ የተረገጠ መንገድ ነው። ከተማውም ከውኃ ችግር ነፃ አላወጣም። ለላ ፓስና ለኤል አልቶ ውኃ ከሚለግሱት ተራሮች አንዱ የነበረው የቻካልታያ የበረዶ ግግር በ2009 ፈጽሞ ጠፍቷል። በ2016 መገባደጃ የላ ፓስ ግድቦች ደርቀው፣ ውኃ በዘጠና አራት ሰፈሮች በፈረቃ ሆኖ፣ መንግሥት የአስቸኳይ ጊዜ አውጆ ነበር። ከድርቅ ሸሽቶ የሚገባበት ከተማ ባልዲ አሰልፎ ሲጠብቅ፣ የቪርሂንዮ ግትርነት በአንድ ጊዜ ከአጉል ስሜትነት ወጥቶ ስሌት ያለው ነገር ይመስላል።

በፊልሙ ውስጥ የቋንቋ ጉዳይ ያለ ጩኸት ተቀምጧል፤ በጣም የተዋጣለትም ይመስለኛል። አያቶቹ የሚናገሩት ኬችዋ ነው፤ ልጁ የሚቀናው ስፓኒሽ ነው። ኬችዋ በስድስት የደቡብ አሜሪካ አገሮች ከ7 ሚሊዮን የማያንሱ ተናጋሪዎች ያሉት፣ በ2009ኙ የቦሊቪያ ሕገ መንግሥትም ከስፓኒሽና ከሌሎች ሠላሳ አምስት የነባር ሕዝቦች ቋንቋዎች ጋር የመንግሥት ቋንቋ ተብሎ የታወቀ ነው። ሕገ መንግሥቱ ግን በአያትና በልጅ ልጅ መካከል ገብቶ አያስተረጉምም። አያትየው በአንድ ቋንቋ ተቆጥተው ልጁ በሌላ ሲመልስ፣ ቁጣው በከፊል እዚያው ይበተናል። በውጭ አገር ልጅ ያሳደጉ የአማርኛ ተናጋሪ ቤተሰቦች፣ በዋሽንግተንም ሆነ በቴል አቪቭ፣ አያት ለጥየቃ ስትመጣ የሚሆነውን ስለሚያውቁ ይህን ክፍል ማንም እንዲያብራራላቸው አይፈልጉም።

ከዚህ በተቃራኒ የኮንዶሩ ምሳሌ አላሳመነኝም። አዛውንቱ ለልጁ፣ ኮንዶር የተባለው ታላቅ አሞራ አርጅቶ መጥቀሙ ሲያበቃ ክንፉን አጥፎ ከተራራ ራሱን እንደሚጥል ይነግሩታል፤ ፊልሙም አሞራውን ደጋግሞ ያመጣዋል። ምሳሌው የተገለጠ ነው፤ ትንፋሻቸውን የሰማ ተመልካች አሞራ አያሻውም። የመንደሩ ወንዶች ዝናብ ለመለመን ወደ ተራራ ወጥተው ላማ የሚሠዉበት ትዕይንት ግን ከዚህ የተለየ ነው፤ እዚያ ሃይማኖቱ ለእይታ የተዘጋጀ ትርኢት አልሆነም። ተስፋቸው የመነመነ ሰዎች፣ ከተስፋው ይልቅ አብሮ መውጣቱን ስለሚፈልጉት የሚያደርጉት ጉዞ ይመስላል። ፊልሙ ስለ ማኅበረሰብ የሚናገርበት ጥቂት ቦታ ስለሆነ ይበልጥ ቢቆይበት እንኳ አይሰለችም ነበር።

ማኅበረሰቡ ለምን ጥቂት ቦታ ብቻ አገኘ የሚለው ጥያቄ ወደ ቦሊቪያ የሲኒማ ታሪክ ይወስደናል። በዚያ አገር ረጅምና ያልተቆራረጠ ምስል ከአውሮፓ ፌስቲቫሎች የተቀዳ ፋሽን ብቻ አይደለም፤ የራሱ ክርክር አለው። ዳይሬክተሩ ሆርሄ ሳንሂኔስ በ1969 የወጣውን ‹ያዋር ማልኩ› የተባለ የኬችዋ ፊልም ሊሠሩ ካታ ወደሚባል መንደር ሲሄዱ ነዋሪው አልቀበልም ብሏቸው ነበር። ፈቃድ ያገኙት የመንደሩ አዋቂ በኮካ ቅጠል ሌሊቱን ካነበበና ምልክቱ መልካም ነው ካለ በኋላ ነው። ሳንሂኔስ ከዚያ ልምድ የተማሩት አንድ ነገር ቢኖር ፊትን አቅርቦ መቁረጥና ታሪክን በግለሰብ ዙሪያ ማጠንጠን የአንዲስ ገበሬ ራሱን ከሚያይበት መንገድ ጋር አለመግጠሙን ነው። በኋላም በ1989 በሳን ሴባስቲያን ፌስቲቫል የወርቅ ዛጎል ባሸነፈው ‹ላ ናሲዮን ክላንዴስቲና› በተባለው የአይማራ (የሌላው የአንዲስ ነባር ሕዝብ) ፊልማቸው፣ ካሜራው ሳይቆርጥ በሕዝቡ መካከል እየተዘዋወረ ያለፈውንና የአሁኑን በአንድ ምስል ውስጥ የሚያገናኝበትን ስልት አዳበሩ። የእኛው ፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማም ከዚሁ የላቲን አሜሪካ አብዮታዊ ሲኒማ ጋር በሎስ አንጀለስ የተማሪነት ዘመናቸው የተዋወቁ ናቸው፤ በ1976 የወጣው ‹ምርት ሦስት ሺህ ዓመት› ገበሬው ከማረሻው ኋላ ሲሄድ ካሜራው ለምን አብሮ እንደሚቆይ የሚገባው ለዚህ ነው።

‹ኡታማ› በዚህ ሚዛን ሲታይ የሳንሂኔስ ልጅ አይደለም። የሎአይሳ ግሪሲ ካሜራ በአብዛኛው ይቆማል፤ ምስሉ እንደ ፎቶግራፍ የተመጠነ ነው፤ ሁለቱ አዛውንቶች በሰፊው አድማስ ውስጥ ብቻቸውን ናቸው። ውበቱ አያከራክርም። ነገር ግን ውበቱ ብቸኝነትን ያጎላል፤ ብቸኝነቱም የተፈጥሮ ነገር እንዲመስል ያደርጋል። እውነተኛው የአንዲስ መንደር በአይዩ፣ ማለትም መሬትንና ግዴታን በጋራ በሚይዝ የወገን ማኅበር፣ በአይኒ የተባለው የጉልበት ብድርም የተሳሰረ ነው፤ አንድ ቤት የሚወድቀው ይህ ሁሉ ከላላ በኋላ ነው። ኦስካር ካታኮራ በፔሩ የሠራው ‹ዊኛይፓቻ› የተባለው የአይማራ ፊልም ከዚህም የባሰ ብቸኝነት ያሳያል፤ በ96 የማይንቀሳቀሱ ምስሎች፣ ከ5,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ፣ ከከተማ የማይመለስ ልጃቸውን የሚጠብቁ ሁለት ሽማግሌዎች ብቻ። ሆኖም ካታኮራ ራሱ አይማራ ነበር፤ ባልየውን ያስጫወተው ገዛ አያቱን ነው፤ በ2021 በ34 ዓመቱ የሞተውም እዚያው ፔሩ፣ ፑኖ ውስጥ ሌላ ፊልም በመቅረጽ ላይ ሳለ ነው። ሎአይሳ ግሪሲ በበኩሉ የላ ፓስ ልጅ፣ የፊልም ሠሪ ልጅ ነው። ከተሜ ስለ ገጠር ፊልም መሥራት የለበትም ማለት ሞኝነት ነው። ልዩነቱ የሚታየው በክሌቨር ላይ ነው፤ ‹ዊኛይፓቻ› የከተማውን ልጅ ጭራሽ አያሳየንም፣ ‹ኡታማ› ግን ስልኩን ይዞ ደጃፍ ላይ ያስቀምጠዋል፤ ብዙ ጊዜም በእሱ ዓይን እናያለን።

በቅርብ ዓመታት ጉዳዩ በዓለም አቀፍ መድረክ ላይ ስም እያገኘ ነው። ቦሊቪያ ባቀረበችው ሐሳብ የተባበሩት መንግሥታት 2024ን የግመል ዘሮች ዓመት ብሎ ሰይሞ ነበር፤ 2026 ደግሞ የግጦሽ መሬቶችና የአርብቶ አደሮች ዓመት ተብሏል። የኪኑዋው ዓመት ያስከተለውን ያየ ሰው በእንዲህ ያሉ ስያሜዎች ፊት ጠንቀቅ ቢል አይፈረድበትም።

የፊልሙ ትልቁ ጉድለት ግን፣ ጉድለት ካልነው፣ ለቤተሰቡ ሁለት በር ብቻ ማሳየቱ ነው፤ ቀዬው ላይ መቅረት ወይም ጠቅልሎ መሄድ። በደቡባዊው አልቲፕላኖ ያለው ኑሮ እንዲህ አይቆረጥም። እዚያ ሰዎች ራሳቸው «ኤስታንቴ» እና «ሬሲዴንቴ» እያሉ ይለያሉ፤ የመጀመሪያው ዓመቱን ሙሉ መንደር የሚኖረው፣ ሁለተኛው ከተማ ገብቶ እየኖረ ለዘር፣ ለአጨዳና ለበዓል የሚመለሰው ነው። ሬሲዴንቴው የመሬት መብቱን የሚጠብቀው በመንደሩ የኃላፊነት ተራ ሲደርሰው መጥቶ በማገልገልና መዋጮውን በመክፈል ነው። ይህም ጠብ አለበት፦ ኤስታንቴው «መሬቱን የሚያውቀው የሚተኛበት ነው» ሲል፣ ሬሲዴንቴው ትራክተር የሚከራይበት ገንዘብ ከየት እንደመጣ ይጠይቃል፤ በመንደር ስብሰባ ማን ድምፅ ይስጥ የሚለው ክርክር ዓመት ከዓመት ይቀጥላል። ላማ ደግሞ በዚህ ስምምነት ውስጥ አትገባም። ኪኑዋ ዘርቶ ከተማ መመለስ ይቻላል፤ መንጋ ግን በየማለዳው የሚያወጣው ሰው ይፈልጋል፤ ያ ሰው ደግሞ ውኃ የሚቀዳለት ሰው ይፈልጋል። ክሌቨር ከአያቶቹ ጋር የሚከራከረው ስለ ቤቱ ቢመስልም የማይታረቀው ነገር ይህ ነው፦ ቤቱንና መሬቱን ከከተማ ሆኖ ሊይዘው ይችላል፤ ላማዎቹን ሊይዝ አይችልም።